ብርድ የመታው ክትባት፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ስለ ክትባት አያያዝ ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚፈራው ሙቀትን ነው። ሥልጠናው የሚያተኩረው ሙቀት ላይ ነው። በብልቃጡ ላይ የተለጠፈው የሙቀት ጠቋሚ ምልክት፣ ቪቪኤምም ቀለሙን የሚቀይረው ሙቀት ሲነካው ብቻ ነው። ደጋ ላይ ግን ሌላ ጠላት አለ። ፔንታቫለንት (የአምስት በሽታ)፣ ፒሲቪ (የሳንባ ምች) እና ቲዲ (የቴታነስና የዲፍቴሪያ) ክትባቶች አንዴ ከቀዘቀዙና በረዶ ከሠሩ ተበላሽተዋል ማለት ነው፤ ብልቃጡ ሲሟሟ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ከዚህ በታች የቀረበው በሰሜን ሸዋ ካሉት ደጋ ወረዳዎች በአንዱ የደረሰ ጉዳይ ነው። የሰዎቹ፣ የጤና ጣቢያውና የቀበሌዎቹ ስም ሆን ተብሎ ቀርቷል። ጉዳዩ የአንድ ቦታ ቢሆንም ችግሩ ግን ከፍ ያለ ደጋ ባለበት ሁሉ ሊኖር ስለሚችል፣ ምን እንደታየና ምን እንደተደረገ በዝርዝር መመዝገብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የአካባቢው ሁኔታ

ሰሜን ሸዋ ውርጭና ሐሩር ጎረቤት የሆኑበት ዞን ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ነች። ከጣርማ በር አፋፍ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ከበርኖስ ወደ ነጠላ ይሸጋገራል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ያጣል፤ ሲነጋ ማሳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በድንጋይ የተሠራ፣ እሳት የማይነድበት ክፍል ደግሞ ሲነጋጋ ከውጩ ብዙም አይሻልም።

ጤና ጣቢያው የሚገኘው በዚህ ደጋ ላይ ነው። የክትባት ማስቀመጫው በቀጥታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ባለ ላይ ክዳን ፍሪጅ ሲሆን፣ አይስ ፓክ (ውሃ ተሞልቶ በረዶ የሚሆን የፕላስቲክ ዕቃ) የሚቀዘቅዝበት የራሱ ክፍል አለው። ከሥሩ ካሉት ጤና ኬላዎች በአንዱ በነጭ ጋዝ የሚሠራ አሮጌ ፍሪጅ ነበር። የቀሩት ጤና ኬላዎች ፍሪጅ የላቸውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ የክትባት ቀን ሲደርስ በማለዳ ጤና ጣቢያ መጥተው ክትባቱን በሳጥን፣ ማለትም በቫክሲን ካሪየር ይዘው በእግር ይሄዳሉ። በሳጥኑ ውስጥ በአራቱም ጎን አራት አይስ ፓክ ይገባል፤ ክትባቱ በመሃል ይሆናል።

ፔንታቫለንት በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ሕፃኑ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንቱ ይወስደዋል፤ ከዲፍቴሪያ፣ ከቴታነስ፣ ከትክትክ፣ ከሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ ከተባለው የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ባክቴሪያ ይከላከላል። ፒሲቪ በ2011 እ.ኤ.አ. ተጨመረ፤ በእነዚያው ሳምንታት ይሰጣል።

ችግሩ እንዴት ታየ

መጀመሪያ የተሰማው የሳል ወሬ ነው። ከአንድ ከፍ ያለ ቀበሌ የመጡ ሕፃናት ሳሉ ሲነሣባቸው ፊታቸው ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ሲስቡ ያፏጫሉ፣ በመጨረሻም ያስመልሳቸዋል። የሚታወቅ በሽታ ነው፤ ትክትክ። ያስደነገጠው በሽታው አልነበረም፤ ካርዱ ነበር። ከታመሙት ገሚሱ ፔንታ 3ን፣ ማለትም ሦስተኛውን የፔንታቫለንት ዶዝ ጨርሰዋል። አንዲት አያት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያሏት በምርመራ መዝገቡ ላይ ቃል በቃል ተጽፏል፦ «ልጄ፣ ካርዱ ሞልቷል ብለሽኛል። ታዲያ ሳሉ ከየት መጣ?»

ከዚያ በፊት የታለፈ ሌላ ፍንጭም ነበር። እናቶች ከክትባት በኋላ የሕፃናቱ ጭን ላይ ለሳምንታት የማይጠፋ እባጭ እንደሚወጣ ሲናገሩ ቆይተዋል። መርፌው ጡንቻ ላይ ሳይደርስ ከቆዳ ሥር ሲቀር እንዲህ ያለ እባጭ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአወጋግ ጉድለት ተብሎ በምክር ታለፈ። በረዶ ሠርቶ የተበላሸ ክትባትም ይህንኑ እባጭ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ማንም አላሰበም።

የሕክምናው ክፍል ሳይውል ሳያድር ተጀመረ። ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ለሆኑት አዚትሮማይሲን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን፤ ከዚያ በላይ ላሉት በመጀመሪያው ቀን 10፣ በቀሩት አራት ቀናት 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ተሰጠ። ሳል ከጀመራቸው ሦስት ሳምንት ካልሞላቸው ልጆች ከአፍንጫቸው የኋላ ክፍል ናሙና ተወሰደ። ናሙናው በፖሊስተር ዘንግ መወሰድ አለበት፤ ጥጥ ባክቴሪያውን ስለሚጎዳ ለዚህ አይሆንም። አዲስ አበባ ከተላኩት ናሙናዎች በአንዳንዶቹ የትክትክ ባክቴሪያ በፒሲአር፣ ማለትም የባክቴሪያውን ዘረ መል በሚለይ ምርመራ ተገኘ።

የተመራማሪዋ ጥያቄ

ወረዳው ባቋቋመው አጣሪ ቡድን ውስጥ በተላላፊ በሽታዎችና በክትባት ምርምር ላይ ረጅም ዓመት የሠራች አንዲት ተመራማሪ ነበረች። የሥራ ዘመኗን አብዛኛውን ያሳለፈችው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ክትባት ሰውነት ላይ አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ) እንዴት እንደሚያስነሣ በማጥናት ነው። ሌሎቹ ስለ ሽፋንና ስለ ክትባት አቋራጮች ሲወያዩ እሷ የፍሪጁን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት አንሥታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፦ «የሌሊቱ የት አለ?»

ወረቀቱ ላይ በየቀኑ ሁለት ንባብ አለ፤ ከጧቱ 3 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት። ሁሉም በ+2 እና በ+8 ዲግሪ መካከል ነው። አንዲትም ስርዝ ድልዝ የለበትም። ችግሩ መዝጋቢው መዋሸቱ አይደለም፤ ያየውን ነው የጻፈው። ነገር ግን የደጋ ሌሊት ዝቅተኛው ሙቀት የሚመጣው ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ነው። ጧት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ ክፍሉ ሞቅ ብሎ፣ ፍሪጁም ወደ ልኩ ተመልሶ ይቆያል።

ፍሪጁ ውስጥ የ30 ቀን የሙቀት መዝጋቢ መሣሪያም ነበር። ይህ መሣሪያ ሙቀቱ ከ+8 በላይ ሆኖ ለ10 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሲቆይ፣ ወይም ከ-0.5 በታች ሆኖ 60 ደቂቃ ሲሞላው የማንቂያ ምልክት ያሳያል፤ የየቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀትም ይይዛል። ቁልፉን እየተጫኑ ወደ ኋላ ሲሄዱ በተለያዩ ሌሊቶች ወደ ታች የሚያመለክተው ቀስት ተመዝግቦ ተገኘ። መሣሪያው ሥራውን ሠርቷል። ሠራተኞቹ ግን እንደ ተራ ቴርሞሜትር የወቅቱን ቁጥር ብቻ ያነቡበት ነበር፤ ወደ ኋላ ማንበቢያውን ያሳያቸው ሰው አልነበረም።

ፍሪጁ ለምን ቀዘቀዘ

ፍሪጅ የሚበላሸው ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ብቻ ይመስለናል። እያንዳንዱ የክትባት ፍሪጅ ግን የሚሠራበት የአካባቢ ሙቀት ከላይም ከታችም ወሰን አለው። የዚህ ፍሪጅ ሰሌዳ ላይ ዝቅተኛው +10 ይላል። ትርጉሙ ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ አምራቹ በረዶ እንዳይሠራ ዋስትና አይሰጥም ማለት ነው። በክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር ሲቀመጥ ሲነጋጋ ሙቀቱ ከዚያ በታች ሆነ። ፍሪጁ የቆመበት ክፍል ወደ ሰሜን የሚያይ የድንጋይ ዕቃ ቤት ነው፤ የአንዱ መስኮት መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተዘግቷል።

ሁለተኛው ምክንያት አደራደሩ ነው። የዚህ ዓይነት ፍሪጅ ታችኛው ክፍል ከሁሉም ይቀዘቅዛል። ከታች መሆን ያለባቸው ቅዝቃዜ የማይጎዳቸው ክትባቶች ናቸው፤ የኩፍኝ፣ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) እና ኦፒቪ (በአፍ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባት)። ፔንታ፣ ፒሲቪ፣ ቲዲ፣ አይፒቪ (በመርፌ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባት) እና ሮታ (የተቅማጥ ክትባት) በላይኛው ቅርጫት ይሆናሉ። እዚህ ግን አዲስ የመጣው ፔንታ ብዛት ስለነበረው «ከባዱ ከታች» በሚል ታች ተደርድሯል።

የነጭ ጋዙ ፍሪጅ ከዚህም የባሰ ነበር። ነበልባሉ በእጅ ይስተካከላል፤ ቀን በሞቀበት ሰዓት የተከፈተው ነበልባል ሌሊት ካልተቀነሰ ውስጡን በረዶ ያደርገዋል። በረዶው በጀርባው ግድግዳ ላይ ተጋግሮ ይታይ ነበር። ይህ ፍሪጅ በዚያው ቀን ከሥራ ወጣ።

ሳጥኑ ውስጥ የሆነው

ቡድኑ ፍሪጁን ካየ በኋላ ምክንያቱ ተገኘ ብሎ ሊጨርስ ነበር። ተመራማሪዋ ግን ክትባቱ ከጤና ጣቢያ ከወጣ በኋላ ሕፃኑ ጭን እስኪደርስ ያለውን መንገድም መለካት እንዳለበት አሳሰበች። አነስተኛ የሙቀት መዝጋቢ ከፔንታው ጋር ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ ባለሙያዋ እንደ ወትሮዋ እንድትሠራ ተነገራት። ከተነሣች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መሣሪያው ከዜሮ በታች አሳየ። ለእኛ ከሁሉም ይልቅ ዓይን የከፈተው ይህ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አይስ ፓኩ ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ከዜሮ በእጅጉ በታች ነው። በቀጥታ ሳጥን ውስጥ ከገባ አጠገቡ ያለውን ብልቃጥ በረዶ ያደርጋል። መመሪያው ፓኩ በመጀመሪያ ውጭ ተቀምጦ በከፊል እንዲሟሟ ያዛል፤ ሲነቀነቅ በረዶው በውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ድምፁ እስኪሰማ። ቆላ ላይ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሊበቃ ይችላል። ደጋ ላይ፣ በማለዳ፣ በቀዘቀዘ ክፍል ሁለት ሰዓትም ላይበቃ ይችላል። ባለሙያዎቹ ሥልጠናውን የወሰዱት ሞቃት ከተማ ውስጥ ነው፤ የተነገራቸውን ደቂቃ ጠብቀው ነበር። ደቂቃው ግን የእነሱ አገር ደቂቃ አልነበረም።

ሌላው መለያ ተብሎ የሚነገረው የፓኩ ላብ ነው፤ ከላዩ ላይ የውሃ ጠብታ ሲታይ ደርሷል ይባላል። የኅዳርና የታኅሣሥ አየር ግን ደረቅ ስለሆነ ላቡ ላይወጣ፣ ወይም ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማመን ያለብን ድምፁን ነው። ድምፁ እንዲሰማም ፓኩ እስከ ምልክቱ ብቻ መሞላት አለበት፤ እስከ አፉ የተሞላ ፓክ ሲነቀነቅ አይናገርም፣ ሲቀዘቅዝም ተነፍቶ ክዳኑን ይገፋል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ክትባቱ እንዳይጎዳ ብለው ሳጥኑን በባና ይጠቀልሉት ነበር። ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን አይረዳም። ብርዱ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ባናው የሚያደርገው የበረዶውን ቅዝቃዜ እንዳይወጣ ማፈን ነው።

ሼክ ቴስት (ብልቃጥን ነቅንቆ መመርመር)፦ አሠራሩና የተሳተው

ቅዝቃዜ መድረሱ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው ክትባት ተበላሸ የሚለው ነበር። ነገሩን ለመረዳት ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ፔንታ፣ ፒሲቪና ቲዲ አንቲጅኑ (መከላከያውን የሚያስነሣው ክፍል) የአሉሚኒየም ጨው ቅንጣት ላይ ተጣብቆ የሚገኝባቸው ክትባቶች ናቸው። አሉሚኒየም ክትባትን እንደሚያጠናክር በዲፍቴሪያ ክትባት ላይ የታየው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ውሃው በረዶ ሲሠራ ቅንጣቶቹን እየገፋ አንድ ላይ ያጭቃቸዋል። ሲሟሟ አይለያዩም፤ ተለቅ ያለ ጓል ሆነው ይቀራሉ፤ ቶሎም ይዘቅጣሉ። የምርመራው መሠረት ይህ የመዝቀጥ ፍጥነት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሚጠረጠረው ክትባት ጋር አንድ አምራችና አንድ ሎት ቁጥር (የምርት ዙር መለያ) ያለው ሌላ ብልቃጥ ይወሰዳል። ላዩ ላይ «የቀዘቀዘ፣ አይሰጥም» ተብሎ በማይለቅ ቀለም ይጻፍበታል። ሌሊቱን በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል። ጧት በራሱ ይሟሟል፤ ውሃ ውስጥ ወይም እሳት ዳር አይሞቅም። ከዚያ ይህ መቆጣጠሪያና የሚጠረጠረው ብልቃጥ በአንድ እጅ ተይዘው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ይነቀነቃሉ። ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቆመው እስከ 30 ደቂቃ ይታያሉ። የሚጠረጠረው ከመቆጣጠሪያው እኩል ወይም ፈጥኖ ከዘቀጠ ተበላሽቷል። ቀስ ብሎ ከዘቀጠ ደህና ነው። መለያ ወረቀቱ ሰፊ ሆኖ ውስጡን ከጋረደ ሁለቱም ተገልብጠው አንገታቸው ላይ ይታያሉ።

የመጀመሪያው ምርመራ የተሳሳተ ውጤት ሰጠ። ሁለቱ ብልቃጦች ለረጅም ጊዜ እኩል ደፍረስ ብለው ቆዩ፤ መቆጣጠሪያው ራሱ አልዘቀጠም። አንዳንዱ «ደህና ነው» ብሎ ሊወስን ነበር። ተመራማሪዋ አስቆመችው፤ የቀዘቀዘው ብልቃጥ ካልዘቀጠ ምርመራው ራሱ አልሠራም ማለት ነው። ሲጣራ መቆጣጠሪያው ሌሊቱን የተቀመጠው በማቀዝቀዣው አፍ ላይ፣ በፓኮቹ ላይ ነበር። ፈሳሽ ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ ፈሳሽ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ማሳየቱ ብልቃጡ ውስጥ በረዶ አለ ማለት አይደለም። በማግሥቱ ሌላ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ተቀመጠ፤ ጧት ተገልብጦ ውስጡ እንደማይንቀሳቀስ በዓይን ታየ። ሁለተኛው ምርመራ ግልጽ ነበር። መቆጣጠሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ነጭ ደለል ሠርቶ ከላይ ጠራ፤ ከታችኛው ቅርጫት የተወሰደው ፔንታም አብሮት ዘቀጠ። ከላይኛው ቅርጫት የነበረው ቲዲ ደፍርሶ ቆየ፤ አለፈ።

ለእያንዳንዱ ሎት የየራሱ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ይህ ማለት በየሎቱ አንድ ሙሉ ብልቃጥ ይሠዋል ማለት ነው፤ ለዚህ ቅር የሚላቸው ነበሩ። ነገር ግን አንድ ባለ 10 ዶዝ ብልቃጥ አጥፍቶ የቀረውን ማወቅ፣ ሳያውቁ ሁሉንም ከመስጠት ወይም ሁሉንም ከመጣል እጅግ ይሻላል።

ምርመራው ለሁሉም አይሆንም። አይፒቪና ሮታ የአሉሚኒየም ቅንጣት ስለሌላቸው በመነቅነቅ አይለዩም፤ ውሳኔው የተሰጠው በሙቀት መዝገቡ ብቻ ነው፤ ከታች የነበሩት ተወገዱ። በረዶ ሆኖ በዓይን የተገኘ ብልቃጥም ምርመራ አያስፈልገውም፤ ይወገዳል። በሌላ በኩል የኩፍኝና የቢሲጂ ዱቄት እንዲሁም ኦፒቪ በቅዝቃዜ አይጎዱም። ከድንጋጤ የተነሣ እነዚህም ይጣሉ ያለ ነበር፤ ቢሰማ ኖሮ ከበሽታው ጋር የኩፍኝ ክትባት እጥረት ይጨመር ነበር። የማሟሟቻው ውሃ ግን በረዶ ሲሠራ መስታወቱን ስለሚሰነጥቅ እያንዳንዱ አምፑል እየታየ ተለየ።

ልጆቹን መልሶ ማግኘት

ከሁሉ አድካሚው ይህ ነበር። የሕፃኑ ካርድም ሆነ የቀበሌው መዝገብ ክትባቱ የተሰጠበትን ቀን ይይዛል፤ የሎት ቁጥር አይይዝም። ስለዚህ በኋላ በኩል መሄድ ግድ ሆነ። የጤና ጣቢያው ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የተበላሸው ሎት መቼ እንደገባ አሳየ፤ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ደግሞ ለየትኛው ጤና ኬላ በየትኛው ቀን እንደወጣ። እነዚህ ቀናት ከየቀበሌው መዝገብ ጋር ተመሳክረው የልጆቹ ስም ወጣ። በፍሪጁ ሳይሆን በሳጥኑ ምክንያት ሊበላሽ የሚችለውም ታስቦ፣ በውርጩ ወራት ከደጋው መስመር በእግር የሄደ ፔንታና ፒሲቪ ሁሉ እንዳልተሰጠ እንዲቆጠር ተወሰነ። ዶዞቹ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት እየተጠበቀ ተደገሙ። ውሳኔው ሰፊ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ደህና ክትባት የወሰደ ልጅ አንድ ዶዝ ቢጨመርለት የሚደርስበት ትኩሳትና የጭን ሕመም ነው፤ ያልተከላከለ ልጅ ቢታለፍ ግን ትክትክ በተለይ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ይገድላል። በእኛ እምነት ውሳኔው ትክክል ነበር።

ወራቱ የአጨዳና የውቂያ ስለነበር እናቶችን በሥራ ቀን ማግኘት አልተቻለም። የመጀመሪያው ጥሪ ባዶ ቀረ። ከዚያ ክትባቱ በበዓል ቀን፣ በ12 እና በ21፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በአቅራቢያው እንዲሰጥ ሆነ፤ ያን ጊዜ መጡ።

ለእናቶች ምን እንደሚባል ብዙ ተመከረበት። «መዝገብ ለማስተካከል ነው» ይባል ያለም ነበር። የተመረጠው እውነቱን መናገር ነው፦ ክትባቱን ብርድ መትቶታል፤ ልጆቻችሁን አልመረዛቸውም፤ አቅም ግን አልነበረውም፤ ስለዚህ ይደገማል። ብርድ ዘርን እንዴት እንደሚያበላሽ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ አስቸጋሪ አልነበረም። ጥያቄ የጠየቁት ብዙዎች ናቸው፤ እምቢ ያሉት ጥቂት። በተለይ ቀደም ብሎ ስለ እባጩ ተናግረው ያልተሰሙት እናቶች፣ ያሉት ትክክል እንደነበር ሲነገራቸው ራሳቸው ጎረቤት ጠሩ።

የተስተካከለውና ያልሠራው

ፍሪጁ ከሰሜኑ ዕቃ ቤት ወደ ውስጠኛ ክፍል ተዛወረ። ይህ ቀላል አይደለም፤ ከጣሪያው ላይ ካለው የፀሐይ ሰሌዳ የሚመጣው ገመድ ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ በባለሙያ መሠራት ነበረበት። መስታወቱ ተተካ። ለጥቂት ቀናት ክፍሉን በከሰል ለማሞቅ ተሞክሮ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ሰው ሊገድል ስለሚችል ወዲያው ቀረ፤ ከቶም መሞከር አልነበረበትም። የሌሊት ዘበኛው ቴርሞሜትር እንዲያነብ መደረጉም አልዘለቀም፤ ለዚህ ሥራ መዝጋቢው መሣሪያ አለ፤ የሚያስፈልገው በየጧቱ ያለፈውን ሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት ከእሱ ላይ ገልብጦ መጻፍ ነው። በወረቀቱ ላይ «የሌሊት ዝቅተኛ» የሚል አንድ ዓምድ በእጅ ተሰምሮ ተጨመረ። ዋጋ አላስወጣም፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን እሱ ነው።

ለሳጥኑ መፍትሔ የሆነው በደጋው መስመር በረዶ መተው ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር ፓኮቹ ውሃ ተሞልተው ማታ በቀዝቃዛው ዕቃ ቤት ወለል ላይ ያድራሉ፤ ጧት ቀዝቃዛ ውሃ ሆነው ሳጥን ይገባሉ። ደጋ ላይ ለአንድ ቀን ሥራ ይህ ይበቃል። ደጅ ግን አያድሩም፤ ውርጭ በረዶ ያደርጋቸዋል። ሳጥኑ ሲመለስ የኦፒቪው ቪቪኤም ይታያል፤ ሙቀት ነክቶት ከሆነ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

ወደ ቆላ የሚወርደው መስመር በዚህ አልተፈታም። ባለሙያዋ በውርጭ ተነሥታ እኩለ ቀን ላይ ሐሩር ውስጥ ትገባለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ እስከ ማታ ላይቆይ ይችላል። ለዚህ መስመር ፓኮቹ ማታውኑ ከማቀዝቀዣ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ በአንድ ረድፍ፣ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ ይደረደራሉ። ጧት እያንዳንዱ ይነቀነቃል፤ ድምፅ ያልሰጠ አይገባም። አንዳንድ ቀን አራቱም ሳይደርሱ ይቀሩና ጉዞው ይዘገያል። በዚህ ላይ እስካሁን ቅሬታ አለ፤ ተገቢም ነው። ከበረዶው ጋር ክትባቱ እንዳይነካካ ውስጡ ተጨማሪ ግድግዳ ያለው፣ ቅዝቃዜን የሚከላከል ሳጥን ተሠርቷል፤ ለእንዲህ ያለ መስመር ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ያልተረጋገጠው

የሕፃናቱ ትክትክ የመጣው በተበላሸው ክትባት ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሦስቱንም ዶዝ የወሰደ ልጅ ሁሉ አይጠበቅም፤ የትክትክ መከላከያ አቅም ደግሞ ከዓመታት በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ከታመሙት ውስጥ ከውርጩ ወራት ውጭ የተከተቡም ነበሩ።

ጥርጣሬውን ማጥራት የሚቻልበትን መንገድ ተመራማሪዋ አቅርባ ነበር። ትክትክን በደም መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ፔንታ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ግን ይመሰክራሉ። የተከተቡት ልጆች ደም ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ አንቲቦዲ 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትር ይደርሳል ወይ? የቴታነሱስ 0.1 ዩኒት ይደርሳል ወይ? በውርጭ ወራት የተከተቡት በክረምት ከተከተቡት ቢወዳደሩ መልሱ ይገኛል። ሥራው የሥነ ምግባር ፈቃድና የወላጅ ስምምነት ይጠይቃል፤ ናሙናው ደግሞ ዶዙ ከመደገሙ በፊት መወሰድ ነበረበት። ፈቃድ እስኪመጣ ልጆቹን ያለ ክትባት ማቆየት ተገቢ ስላልነበረ ዶዙ ተደገመ፤ ጥናቱ በዚያ ቡድን ላይ ቀረ። የምርምር ዕድል ለሕፃናቱ ደኅንነት ሲባል መታለፉን ማንም አልተቃወመም፤ ከሁሉ በፊት እንዲደገም የገፋፋችውም እሷ ነበረች። ዕቅዱ ግን ከሚቀጥለው ውርጭ በፊት ፈቃድ አግኝቶ እንዲጠብቅ ተዘጋጅቷል።

ለሌላ ደጋ ወረዳ

በሌላ ቦታ ይህን ለማጣራት የሚፈልግ ጤና ጣቢያ በሦስት ነገር ቢጀምር ይጠቅመዋል። የፍሪጁን ሰሌዳ አንብቦ ዝቅተኛውን የአካባቢ ሙቀት ማወቅና ክፍሉን ሲነጋጋ መለካት። የ30 ቀን መዝጋቢውን ወደ ኋላ ማንበብ። መዝጋቢ መሣሪያ ከፔንታው ጋር ሳጥን ውስጥ አስገብቶ አንድ ቀን ማስኬድ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በዚህ ጉዳይ ትልቁን ነገር ያሳየው ግን እሱ ነው።

የሎት ቁጥርን በቀበሌው መዝገብ ላይ በየክትባት ቀኑ አንድ ጊዜ፣ በገጹ ራስ ላይ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ልጆቹን ለማግኘት በሞዴል 19 እና 22 ውስጥ መዞር አያስፈልግም ነበር። በዚህ ጤና ጣቢያ ሥር ያሉት ኬላዎች አሁን ይጽፋሉ። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው ቲዲ ላይ ግን ገና አልተጀመረም፤ እሱም በዚያው ሳጥን፣ በዚያው ማለዳ የሚጓዝ ነው።